ከላንቃ መሰንጠቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ በሕፃናት ላይ ሊከሰቱ የሚችሉ የጤና ችግሮችና የቤት ውስጥ ክትትል

የላንቃ መሰንጠቅ ፅንሱ በማሕፀን ሳለ የአፉ ጣሪያ የግራና የቀኝ ክፍሎች ሳይገናኙ ሲቀሩ የሚፈጠር የአካል ጉድለት ነው። ላንቃ የሚገጥመው ከእርግዝናው 6ኛ እስከ 12ኛ ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ ክፍተቱ የሚፈጠረው ብዙ እናቶች እርግዝናቸውን በቅጡ ባላወቁበት ወቅት ነው። ክፍተቱ ብቻውን ወይም ከከንፈር መሰንጠቅ ጋር አብሮ ሊታይ ይችላል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከ700 ሕፃናት መካከል አንዱ ገደማ ከከንፈር ወይም ከላንቃ መሰንጠቅ ጋር እንደሚወለድ ይገመታል። ችግሩ የእርግማን ውጤት አይደለም፤ የእናትም ጥፋት አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነው።

ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አብዛኞቹ ሕፃናት ያለ ከባድ ችግር ይድናሉ። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተለያዩ የጤና ችግሮች ይከሰታሉ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የሚታዩት ቤተሰቡ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቀዬው ከተመለሰ በኋላ በመሆኑ ችግሩን በቅድሚያ የሚያዩት ሐኪሞች ሳይሆኑ ወላጆች ናቸው። ስለሆነም ወላጆችና ተንከባካቢዎች የትኛው ለውጥ የሚጠበቅ፣ የትኛው ደግሞ ፈጣን ሕክምና የሚያስፈልገው እንደሆነ ለይተው ማወቃቸው ለሕፃኑ ሕይወትም ሆነ ለወደፊት ንግግሩ ወሳኝ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ምን ያከናውናል?

ላንቃ አፍንና አፍንጫን የሚለይ ጣሪያ ነው። የፊተኛው ክፍል አጥንት ያለበት ጠንካራ ላንቃ ሲሆን የኋለኛው ደግሞ በጡንቻ የተሠራ ለስላሳ ላንቃ ነው። ለስላሳው ላንቃ ሕፃኑ ሲውጥና ሲናገር ወደ ላይ ተነሥቶ የአፍንጫውን መተላለፊያ ይዘጋል። ላንቃው በተሰነጠቀ ሕፃን ላይ እነዚህ ጡንቻዎች ተለያይተው ስለሚገኙ ወተት በአፍንጫ ይወጣል፤ ድምፅም በአፍንጫ ያልፋል፤ ከመሐከለኛው ጆሮ ፈሳሽ የሚያስወግደው ቱቦም በአግባቡ አይከፈትም።

ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው የሚሠራው ሕፃኑ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ላይ ሳለ ነው። ይህ ጊዜ የተመረጠው ሕፃኑ ቃላትን ማውጣት ከመጀመሩ በፊት ወይም በሚጀምርበት ወቅት ላንቃው እንዲዘጋ ለማድረግ ነው። ሐኪሙ በአፍንጫ በኩል ያለውን ሽፋን፣ ጡንቻውንና በአፍ በኩል ያለውን ሽፋን ደረጃ በደረጃ አገናኝቶ ይሰፋል። ስፌቱ በራሱ የሚሟሟ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ማውጣት አያስፈልግም። ሽፋኑ ወደ መሐል እንዲሳብ ሲባል በላንቃው ግራና ቀኝ ክፍት ቁስል ሊተው ይችላል፤ ይህም በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይሞላል። በዕድሜ የገፉ ልጆችም ቀዶ ሕክምናውን ማግኘት ይችላሉ፤ ሆኖም ንግግራቸውን ለማስተካከል የበለጠ ጊዜና ሥልጠና ይጠይቃል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊደረግ የሚገባ ዝግጅት

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰቱ ችግሮች አንዱ መነሻ ሕፃኑ ወደ ሕክምናው ሲገባ ያለበት ሁኔታ ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ወይም የደም ማነስ ያለበት ሕፃን ቁስሉ ቶሎ አይድንለትም፤ ለኢንፌክሽንም ይጋለጣል። በዚህ ምክንያት የሕፃኑ ክብደት በየጊዜው በጤና ጣቢያ ወይም በጤና ኬላ ሊለካ ይገባል። በአፍንጫው ወተት እየወጣ የሚቸገር ሕፃን ቀጥ ብሎ በተቀመጠበት፣ በትንሽ በትንሹና በተደጋጋሚ ሊመገብ ይገባል።

ሕፃኑ ጉንፋን፣ ሳል፣ ትኩሳት፣ የጆሮ ፈሳሽ ወይም ተቅማጥ ካለበት ወላጆች ይህንን ለሐኪሙ ሳይደብቁ መናገር አለባቸው። ቀዶ ሕክምናው ለጥቂት ሳምንታት ቢራዘም ሕፃኑ አይጎዳም፤ በታመመበት ወቅት ማደንዘዣ መስጠት ግን የመተንፈስ ችግር ሊያስከትል ይችላል። የልብ ሕመም ወይም ቀደም ሲል የታየ የመተንፈስ ችግር ካለም እንዲሁ መገለጽ አለበት።

ከማደንዘዣ በፊት ሕፃኑ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። በተለምዶ ጠጣር ምግብና የላም ወይም የዱቄት ወተት ከ6 ሰዓት በፊት፣ የእናት ጡት ወተት ከ4 ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውኃ ደግሞ ከ2 ሰዓት በፊት ይቆማል፤ ትክክለኛውን ሰዓት የሚወስነው ሆስፒታሉ ነው። ሕፃኑ አለቀሰ በሚል ርኅራኄ ደብቆ ማጥባት ወይም ማብላት በማደንዘዣ ወቅት ምግቡ ወደ ሳንባ እንዲገባ በማድረግ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። በስሕተት የተመገበ ነገር ካለ ወዲያውኑ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጠበቁ ለውጦች

የሚከተሉት ለውጦች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተለመዱ ሲሆኑ ቀስ በቀስ እየቀነሱ የሚሄዱ ናቸው።

• በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ቀናት ምራቅ ወይም የአፍንጫ ፈሳሽ ቀላ ብሎ መታየት፤
• በቀዶ ሕክምናው ዕለት የዋጠውን ጠቆር ያለ ደም አንድ ሁለት ጊዜ ማስታወክ፤
• አፍንጫ መታፈንና በእንቅልፍ ላይ ማንኮራፋት፤
• መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ፤
• በቁስሉ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ሽፋን መታየትና መጠነኛ የአፍ ጠረን፤
• ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የስፌት ክር ቁራጭ ከአፍ መውጣት።

ፈጣን ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ችግሮች

የደም መፍሰስ። በብዛት የሚያሰጋው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሲሆን ከአንድ ሳምንት እስከ 10 ቀን ገደማ ባለው ጊዜም በቁስሉ መመርቀዝ ምክንያት እንደገና ሊከሰት ይችላል። ደማቅ ቀይ ደም ያለማቋረጥ ከአፍ ወይም ከአፍንጫ ከወጣ ሕፃኑን በጎኑ አስተኝቶ ደሙ ወደ ውጭ እንዲፈስ ማድረግና በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ደም ሳይታይ ሕፃኑ በእንቅልፍ ላይ ሆኖ ደጋግሞ የሚውጥ ከሆነ፣ ፊቱም ከገረጣ ደሙ ወደ ሆዱ እየወረደ ሊሆን ስለሚችል ችላ ሊባል አይገባም። ጨርቅ ወይም ጥጥ ወደ አፍ መጠቅጠቅ መተንፈሻውን ስለሚዘጋ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

የመተንፈስ ችግር። በምላስና በጉሮሮ እብጠት ምክንያት ሊከሰት ይችላል። አገጫቸው በጣም ትንሽና ወደ ኋላ የገባ ሕፃናት ከሌሎች ይበልጥ ለዚህ ይጋለጣሉ። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ጉሮሮው ከፍተኛ ድምፅ የሚያሰማ፣ በእንቅልፉ መካከል ትንፋሹ የሚቆራረጥ ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ሕፃን ለአንድ አፍታም ሳይቆይ ወደ ሕክምና መድረስ አለበት።

የሰውነት ፈሳሽ ማነስ። ሕፃኑ ሕመሙን ፈርቶ ለመጠጣት እምቢ ሲል የሚመጣ ሲሆን በቤት ውስጥ በቀላሉ ሊታለፍ የሚችል ችግር ነው። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ድረስ ሽንት አለመሽናት፣ ያለ እንባ ማልቀስ፣ የአፍ መድረቅ፣ የዓይን መጎድጎድና መዛል ምልክቶቹ ናቸው። ብዙውን ጊዜ መፍትሔው የታዘዘውን የሕመም ማስታገሻ ከመመገቢያ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ መስጠትና ፈሳሹን በትንሽ በትንሹ ማስጎንጨት ነው። በዚህም የማይሻሻል ከሆነ ሕፃኑ በጤና ተቋም ፈሳሽ ሊሰጠው ይገባል።

ኢንፌክሽን። የሰውነት ሙቀት ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሆን፣ እየባሰ የሚሄድ የአፍ ጠረን፣ መግል፣ እየጨመረ የሚሄድ ሕመምና ጨርሶ አለመመገብ የኢንፌክሽን ምልክቶች ናቸው። የታዘዘ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ካለ ሕፃኑ የዳነ ቢመስልም እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት። ያልታዘዘን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠት ግን አይገባም።

የስፌት መከፈት። በኢንፌክሽን፣ በጠንካራ ምግብ፣ በመውደቅ ወይም ሕፃኑ ጣቱንና ዕቃ ወደ አፉ በማስገባቱ ስፌቱ ሊላቀቅ ይችላል። ወዲያውኑ እንደገና መስፋት ብዙውን ጊዜ አይመከርም፤ ሐኪሙ ቁስሉ እስኪድን ጠብቆ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያቅድ ይችላል። ሆኖም ስፌቱ መከፈቱ እንደታወቀ ሕፃኑ መታየት አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት እንክብካቤ

በዚህ ጊዜ ውስጥ ሕፃኑ የሚመገበው ፈሳሽና ልስልስ ያለ ምግብ ብቻ ነው። ወተት፣ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ የተጣራ ሾርባና እርጎ ተስማሚ ናቸው፤ ለብ ያሉ እንጂ ትኩስ መሆን የለባቸውም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ብስኩት፣ የዳቦ ቅርፊትና በርበሬ የበዛበት ወጥ ቁስሉን ስለሚጎዱ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ መሰጠት የለባቸውም። ምግቡ በኩባያ ጠርዝ ይሰጣል፤ ማንኪያ አስፈላጊ ከሆነም ከከንፈሩ ላይ ብቻ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ አፉ ውስጥ አይገባም። መምጠጫ ቱቦና የጡጦ እናት መጠቀም አይመከርም። ጡት ማጥባትን በተመለከተ ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም የሚሰጠው መመሪያ ይከበራል።

ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ማጠጣት በስፌቱ ላይ የቀረውን ምግብ ያጥባል። የሕፃኑ እጆች ንጹሕ መሆን አለባቸው። ሆስፒታሉ ክርኑ እንዳይታጠፍ የሚያደርግ መደገፊያ ከሰጠ እንደታዘዘው መጠቀም፣ በየጥቂት ሰዓቱም እየፈቱ እጁን ማንቀሳቀስና ቆዳውን ማየት ያስፈልጋል። እርሳስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥርስ መፋቂያና ሹል መጫወቻ ከሕፃኑ መራቅ አለባቸው።

ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ፓራሲታሞል መጠኑ የሚወሰነው በሕፃኑ ክብደት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ በላይ መሰጠት የለበትም። አስፕሪን ደምን ስለሚያቀጥንና በሕፃናት ላይ ከባድ የጉበትና የአንጎል ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም።

ዘግይተው የሚታዩ ችግሮች

የላንቃ ቀዳዳ። ሐኪሞች ይህንን ቀዳዳ ፊስቱላ ይሉታል። ቃሉ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ከወሊድ ጋር በተያያዘ ቢሆንም እዚህ ላይ የሚያመለክተው በአፍና በአፍንጫ መካከል የቀረን ቀዳዳ ነው። በብዛት የሚታየው ጠንካራውና ለስላሳው ላንቃ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ወተት ወይም ምግብ በአፍንጫ መውጣቱ ዋነኛ ምልክቱ ነው። ትንሽና ችግር የማያስከትል ቀዳዳ በክትትል ሊቆይ ይችላል፤ ንግግርን ወይም አመጋገብን የሚያውከው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ቢያንስ ስድስት ወር ቆይቶ ይዘጋል።

የንግግር ችግር። ላንቃው ተዘግቶም አጭር ሆኖ ከቀረ ወይም በበቂ ሁኔታ መንቀሳቀስ ካልቻለ አየር በአፍንጫ ማምለጡን ይቀጥላል። ልጁ «ባባ» ሲል «ማማ»፣ «ዳዳ» ሲል «ናና» እንዳለ ሆኖ ይሰማል። እንደ ጵ፣ ጥ፣ ጭ እና ቅ ያሉ በአፍ ውስጥ አየር ታምቆ የሚወጡ የአማርኛ ድምፆች ይዳከማሉ፤ አንዳንድ ልጆችም እነዚህን በጉሮሮ በሚታገድ ድምፅ ይተኳቸዋል። ልጁ «ባባ» ወይም «ሳሳ» ሲል ከአፍንጫው ሥር የተያዘ ንጹሕ መስታወት እንፋሎት ከቋጠረ አየር በአፍንጫው እያመለጠ ስለሆነ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል። ሕክምናው በንግግር ባለሙያ የሚሰጥ ሥልጠና፣ አንዳንዴም ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ነው። ፊኛ ማስነፋትና ማፏጨት ንግግርን እንደማያስተካክሉ ሊታወቅ ይገባል፤ ንግግር የሚሻሻለው በንግግር ልምምድ ነው። ልጁን በድምፁ ማሾፍ ወይም ደጋግሞ ማረም ዝም እንዲል ያደርገዋል፤ በእርጋታ ማናገር፣ ተረት መንገርና መልስ እንዲሰጥ ጊዜ መስጠት ግን ይጠቅመዋል።

የጆሮ ችግር። የላንቃ ጡንቻዎች የጆሮን ቱቦ የሚከፍቱ በመሆናቸው ላንቃቸው ተሰንጥቆ በተወለዱ ሕፃናት መሐከለኛ ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም እጅግ የተለመደ ነው። ችግሩ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ፈሳሹ ሕመም ሳያስከትል የመስማት ችሎታን ስለሚቀንስ ልጁ ሲጠራ ባይሰማ «አይታዘዝም» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። በደንብ ያልሰማ ልጅ በደንብ መናገርን ስለማይማር የመስማት ምርመራ የክትትሉ አካል ሊሆን ይገባል።

የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ። ማንኮራፋቱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ካልቀነሰ፣ በተለይም ትንፋሹ በእንቅልፍ ላይ የሚቋረጥ ከሆነ ምርመራ ያስፈልገዋል። ይህ ችግር ንግግርን ለማስተካከል በሚደረግ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና በኋላም ሊታይ ይችላል።

የመንጋጋና የጥርስ ዕድገት። በላንቃ ላይ የሚፈጠረው ጠባሳ የላይኛውን መንጋጋ ዕድገት ሊገታ ይችላል። በመሆኑም የልጁ ጥርሶች ተዛንፈው ሊበቅሉ ወይም የታችኛው መንጋጋ ወደ ፊት የወጣ ሊመስል ይችላል። ድዱ ጭምር የተሰነጠቀ ልጅ ቋሚ ጥርሶች በሚወጡበት ዕድሜ የአጥንት ንቅለ ተከላ ሊያስፈልገው ይችላል። ጥርስን ንጹሕ አድርጎ መያዝና በየጊዜው ለጥርስ ሐኪም ማሳየት ጉዳቱን ይቀንሳል።

ሊወገዱ የሚገባቸው ልማዶች

ሕፃን ሲያስለው፣ ሲያስመልሰው ወይም አልጠባ ሲል «እንጥሉ ወርዷል» በሚል እንጥል ማስቆረጥ ለማንኛውም ሕፃን ጎጂ ነው። ላንቃው በተሰፋ ሕፃን ላይ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ የሚቆረጠው ሐኪሙ ያገናኘው ለስላሳ ላንቃ አካል በመሆኑ ከደም መፍሰስና ከኢንፌክሽን ባሻገር ላንቃውን አሳጥሮ ንግግሩን በዘላቂነት ሊያበላሽ ይችላል። በቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ማር፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም ወይም ሌላ የባሕል መድኃኒት መቀባትም ክልክል ነው።

ቶንሲል ወይም ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ የተባለው ሥጋ እንዲወጣ በሌላ ጤና ተቋም ከተመከረ ወላጆች ልጁ የላንቃ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት መሆኑን አስቀድመው መናገር አለባቸው። አዴኖይድ አጭር ላንቃ አፍንጫን እንዲዘጋ የሚያግዝ በመሆኑ መውጣቱ ንግግርን ሊያባብስ ይችላል።

ክትትልና አገልግሎት የሚገኝበት መንገድ

የክትትል ቀጠሮዎች ቁስሉ መዳኑን ለማየት ብቻ የሚሰጡ አይደሉም። ቀዳዳው፣ የመስማት ችግሩና የንግግር መዛባቱ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ድኖ፣ ልጁም ደኅና መስሎ በሚታይበት ጊዜ የሚገለጡ ናቸው። በዚህ ምክንያት ልጁ ቢያንስ የንግግሩና የጥርሱ ሁኔታ እስኪረጋገጥ ድረስ ለዓመታት በየጊዜው መታየት ይኖርበታል። ቀጠሮ ያለፈበት ቤተሰብም አፍሮ ከመቅረት ይልቅ በማንኛውም ጊዜ ተመልሶ አገልግሎቱን መጠየቅ ይገባዋል፤ የዘገየ ሕክምና ጨርሶ ካለመታከም ይሻላልና።

ወላጆች ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል።

• የተደረገው ቀዶ ሕክምና የተጻፈበት የመውጫ ወረቀት መያዛቸውን፤
• የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት በሚገባቸው ቋንቋ እንደተነገራቸው፤
• የቀጣይ ቀጠሮውን ቀንና የሕክምና ክፍሉን ስልክ መመዝገባቸውን፤
• ችግር ቢፈጠር በአቅራቢያቸው የሚሄዱበት ጤና ተቋም የት እንደሆነ ማወቃቸውን።

ደም መፍሰስ ወይም የመተንፈስ ችግር የገጠመው ሕፃን ቀዶ ሕክምናው ወደ ተደረገበት ሩቅ ሆስፒታል ከመጓዙ በፊት በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የመጀመሪያ ርዳታ ማግኘት አለበት፤ ከዚያ በሪፈራል ወደሚቀጥለው ደረጃ ይላካል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 መጥራት ይቻላል። አስቸኳይ ላልሆኑ ጉዳዮች ቤተሰቡ በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም በጤና ጣቢያ በኩል ሪፈራል ሊያገኝ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውንና የሪፈራል ወረቀታቸውን ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል። የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ቀዶ ሕክምና ከሚሰጡ ተቋማት መካከል በአዲስ አበባ የሚገኙት የካቲት 12 ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ እና ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል ይጠቀሳሉ።